ስለ ኩላሊትህ የሰጠሁት ምስክርነት

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ልጅ ሆኜ ለአክስቴ ስታስጽፈኝ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ሳይባል ወሬ አይጀመርም ትለኝ ነበር። ያንተን ጤና ግን አሁን መጠየቅ አልችልም። ከሄድክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይኼን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ስለ ጤናህ ነው። ስለ እሱ ያለ እፍረት ለመናገር አፍ ያገኘሁት ገና ባለፈው እሑድ ነው።

እሱን ከመንገሬ በፊት የቤቱን ወሬ ላድርስህ። አንተ ትልቁን ነገር የምትሰማው ትንንሹን ጠይቀህ ከጨረስክ በኋላ ነበር።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ አሞኛል ብላ ግን አትቀመጥም። ጓሮ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ በፌስታል እያደለች ምስጋናውን ብቻዋን ትወስዳለች። ብስክሌትህ ከሱቁ ጀርባ እንደቆመች ናት፤ ጎማዋ ተንፍሷል። ሱቁን አልዘጋሁትም። መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ እስካሁን ሻንጣውን እንደያዘ መስታወታችን ፊት ቆሞ ፀጉሩን ያስተካክላል። «በነጻ የምንሰጠው ይኼን ብቻ ነው» ትላቸው ነበር። አሁን እኔ እላቸዋለሁ፤ እንዳንተ ግን አይስቁልኝም።

መስታወት መቁረጥ ለምጃለሁ። ፍሬምም እገጥማለሁ። ያልሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንተን ፎቶ። የአዋሳን ሰው ሠርግና ምረቃ፣ የሞተበትንም ዘመድ ሁሉ ፍሬም ስታስገባ የኖርክ ሰው፣ ያንተ ፎቶ በፖስታ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እማዬ ስትጠይቀኝ «ጥሩ እንጨት እስካገኝ ነው» እላት ነበር። እንጨትስ ሞልቷል። ፎቶህ ከግድግዳ ሆኖ ሲያየኝ መዋል ስለፈራሁ ነው።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ መስታወት ስናደርስ ነው። ትልቅ መስታወት በብስክሌት ስለማይጫን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አንተ ፊት እኔ ኋላ ሆነን በእጃችን እንሸከማለን። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እጄ እንዳይዝል በሲዳምኛ መዝሙር ትጀምርልኛለህ። ዜማ አትችልም ነበር፣ አባዬ። ይቅርታ አድርግልኝና ፈጽሞ አትችልም ነበር። መንገደኛው ዞር እያለ ይስቃል፣ እኔ በኀፍረት ፊቴን ከብርድ ልብሱ ኋላ እደብቃለሁ፣ አንተ ደግሞ ሰው መሳቁን ስታይ ድምፅህን ትጨምራለህ። ሥራው ሲያልቅ ሐይቁ ዳር ወስደህ የአሳ ሾርባ ትጋብዘኛለህ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው የአሳ አንጀት ሲጠብቁ ታሳየኝና «እነዚህ የኛ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ አትረብሺያቸው» ትለኛለህ። አንተም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርክ፤ የተረብከው ራስህንም ነበር።

የእርሳሱ ነገርም አለ። ፍሬም ገጥመህ ስትጨርስ ከጀርባው ባለው ካርቶን ላይ የባለቤቱን ስምና ልኩን በእርሳስ ትጽፍ ነበር። መስታወቱ ላይ ጭረት ካለም «ቀኝ ጥግ ጭረት አለው፣ ተነግሮታል» ብለህ ትጽፋለህ። ያ ካርቶን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ነው፤ ማን ያየዋል ብዬ ጠየቅኩህ። «ፊቱን ሰው ያየዋል። ጀርባውንም የሚያይ አለ» አልከኝ።

የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፍቼ፣ ሲደርስ ደግሞ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ትወስደኛለህ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መሄድህን የማይወዱልህ ነበሩ። አንተ ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ሃላሌ ሲናገሩ ልሰማ ነው የምሄደው ትላቸው ነበር። ሃላሌ በአባቶችህ ቋንቋ እውነት ማለት እንደሆነ፣ በሐሰት የመሰከረ ሽማግሌም ምርቃቱ አይደርስም ይባል እንደነበር የነገርከኝ እዚያ ሜዳ ላይ፣ በሕዝቡ መሀል እጄን ይዘህ ነው። «አባቴ ወንጌልን ሲቀበል ብዙ ነገር ጣለ። ይኼን ግን መጣል አላስፈለገውም፤ ጌታ ራሱ እውነት ነኝ ብሎ ነው የመጣው» አልከኝ። እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ ከጨፋሪዎቹ ላይ ነበር። ግማሽ ጆሮዬ ግን ሰምቷል፤ ስለዚህ አልነገረኝም ማለት አልችልም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ።

ኩላሊትህ ታሞ ማክሰኞና ዓርብ ለእጥበት መመላለስ ከጀመርክ በኋላ፣ ከከተማው ዳር ድንኳን ተክሎ የሚያገለግል ሰው መጣ። ሰዉ ነቢይ ይለዋል። አንተ መሄድ አልፈለግክም፤ ለእኔ ብለህ ሄድክ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጸለየልህና እጅህን ይዞ አስነሣህ። በዋዜማው ታጥበህ ስለነበር ሰውነትህ ቀሎህ ነበር፤ ያለ ከዘራ ዐሥር እርምጃ ያህል ሄድክ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። እኔም አብሬ እልል አልኩ። ወዲያው ማይክ በእጄ ሰጡኝና መስክሪ አሉኝ።

«አባቴ ተፈውሷል!» አልኩ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። «ሐኪሞቹ ራሳቸው መርምረው ኩላሊቱ እንደ ሕፃን ኩላሊት ሆኗል አሉ» ብዬ ጨመርኩ። የቱም ሐኪም እንዲህ አላለም። ከዓርቡ እጥበት ወዲህ የሐኪም ቤት ደጅ አልረገጥንም። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም ብልህ ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። አውቀዋለሁ። «ትንሽ ቀለል ብሎታል» ብቻ ብል ሕዝቡ የሚቀዘቅዝብኝ መሰለኝ። በእኛ አማኞች ዘንድ ምስክርነት ሲሰጥ ትንሽ ማጣፈጥ የተለመደ ነው፤ ለጌታ ክብር ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም። ደግሞም አባዬ፣ ጮክ ብዬ ከተናገርኩት የሚሆን መሰለኝ። እንድትሞትብኝ አልፈለግኩም። ነገሩ ይኼው ነው።

በሳምንቱ እሑድ በእኛ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ከዘራህን ተደግፈህ ተነሣህ። ያልከውን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «ወንድሞችና እህቶች፣ አልተፈወስኩም። ማክሰኞ ለእጥበት እሄዳለሁ። ልጄ ስለምትወደኝ ቸኮለች። እግዚአብሔር መፈወስ ይችላል፤ ባይፈውሰኝም አምላኬ ነው። ያላደረገውን አደረገ ብዬ ግን በስሙ አልናገርም።» ይኼን ብለህ ተቀመጥክ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አሜን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እማዬ ናት።

ዘጠኝ ቀን አኮረፍኩህ። እምነት የጎደለህ፣ በሰው ፊትም ያዋረድከኝ መስሎኝ ነበር። ያን ያህል ጥቂት ጊዜ እንደቀረን ባውቅ ኖሮ ዘጠኝ ቀን እንዲያ አላባክንም ነበር። በዐሥረኛው ቀን ሱቅ መጥተህ ተቀመጥክ። ስብርባሪ መስታወት ስለቅም ጣቴን ሲቆርጠኝ አየህና በመሐረብህ አሰርክልኝ። ኩርፊያው በዚያው አለቀ። መሐረቡ አሁንም እኔ ጋ አለ።

ከመሄድህ በፊት የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያቺን ነገር አስተካክያት» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ከዚያ ሞትክ፤ እኔም አላስተካከልኩም። አንተ እውነቱን የተናገርከው በእኛዋ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ የቀረጸውም ሰው አልነበረም። በድንኳኑ የተቀረጸው የእኔ ቪዲዮ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲሄድ ከረመ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። ቢሆንም ሰው ይረሳዋል እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ከአምስት ሳምንት በፊት አንዲት ሴት ከቱላ በባጃጅ ሱቃችን መጡ። ወይዘሮ ዳመነች ይባላሉ። የጋብቻ ፎቷቸውን ፍሬም ሊያስገቡ ነው። ልኩን ስወስድ ፊቴን ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «አንቺ አባቷ ከኩላሊት የተፈወሰላት ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ብለው እልል አሉ። አገላብጠው ሳሙኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ሌዳሞ ስኳር እንዳለባቸው፣ የእኔን ምስክርነት በስልክ ካዩ በኋላ መድኃኒታቸውን እንደተዉ፣ እግራቸው ላይ የወጣችውም ትንሽ ቁስል በእምነት እንደምትደርቅ እየተፍነከነኩ አጫወቱኝ። ከዚያ «አባትሽስ? ደህና ናቸው?» አሉ።

ፎቶህ ግድግዳው ላይ ቢሰቀል ኖሮ ይኼን ባልጠየቁኝ ነበር።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው።

አባዬ፣ በገዛ ሱቅህ፣ በገዛ ጠረጴዛህ አጠገብ ቆሜ ሞትህን ካድኩ። ሴትየዋ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም መስታወቱን ለመቁረጥ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ሰበርኩት። በማግስቱ ፍሬሙን ገጠምኩና እንደ ልማድህ ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ስማቸውን ጻፍኩ። ልኩን ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። አንተ ብትሆን ጭረቱንም ትጽፍ ነበር፤ የእኔ ጭረት ያለው ግን መስታወቱ ላይ አልነበረም። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግቼ ፍሬሙን ታቅፌ በባጃጅ ቱላ ወረድኩ።

ጋሽ ሌዳሞ እንሰቱ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል። ቁስሉ ገና በሩቁ ይሸታል። ተቀመጪ ሳይሉኝ ቆሜ ተናገርኩ። አባቴ አልተፈወሰም፣ ከምስክርነቱ በኋላ ሰባት ወር ታሞ ሞተ፣ ሐኪም አለ ያልኩትን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ከትናንት ወዲያም ባለቤትዎን የዋሸሁት እኔው ነኝ አልኩ። ድምፄን ሰምተው ከቤት የወጡት ወይዘሮ ዳመነች ጭብጨባ በሚመስል ድምፅ ጭናቸውን መቱ። አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። «ደህና ነው ያልሽኝ ታዲያ ለምንድን ነው?» አሉ።

«ፈራሁ» አልኩ።

ጋሽ ሌዳሞ የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው። «አባትሽ ሲሞት በጌታ ላይ አጉረመረመ?» አሉ። አላጉረመረመም፤ እስከ መጨረሻው ማክሰኞና ዓርብ እጥበት ላይ ተኝቶ ይዘምር ነበር፣ ነርሶቹም ዝም እንዲል ይለምኑት ነበር አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «እንዲህ ከሆነ መድኃኒት የሚወስድም ሰው ያምናል ማለት ነው» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞረው «ከዘራዬን አምጪልኝ» አሉ። እኔ በመጣሁበት ባጃጅ ሦስታችንም ወደ ሐኪም ቤት ሄድን።

ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ፤ የቀረው እግራቸው እየዳነ ነው። ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ጣቶቹም ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን መጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም። ወይዘሮ ዳመነች ስልኬን አያነሡም፤ አልፈርድባቸውም። ጋሽ ሌዳሞ ግን ያነሡልኛል።

ከዚያ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። አሁን ድንኳን አይደለም፤ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ሆኗል። ውሸቱን በተናገርኩበት ቦታ እውነቱንም ልናገር ብዬ ነው። ምስክርነት የሚመዘግበው አስተባባሪ አስቀመጠኝ፣ ውሃም ሰጠኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የምናገረውን ስነግረው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ይኼ እኮ ምስክርነት አይደለም። የሰው እምነት ያደክማል። የጌታን ሥራ በአደባባይ አታፍርሺ» አለኝ። የጌታ ሥራ ከሆነማ እኔ ተናግሬ አይፈርስም የሚለው መልስ የመጣልኝ ባጃጅ ከተሳፈርኩ በኋላ ነው። ታውቀኛለህ፤ ሁልጊዜም መልስ የሚመጣልኝ ከረፈደ ነው።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ አንተ በቆምክበት ቦታ፣ በእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። እማዬ እንድትቀርጸኝ ስልኬን ሰጠኋት። «አባቴ ተፈወሰ ብዬ በድንኳን መስክሬ ነበር። አልተፈወሰም። ሐኪሞች አሉ ያልኩትን ሐኪሞች አላሉም። አባቴ ሞቷል። እኔን ሰምታችሁ መድኃኒት የተዋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አሁንም አምናለሁ። ያላደረገውን ግን በስሙ ተናግሬያለሁና ይቅር በሉኝ» አልኩ። አንድ ሰው ሲያስል ይሰማኛል። ከዚያ ከስልኩ ኋላ አንድ አሜን መጣ፤ የእማዬ ድምፅ ነው። ቆይቶ ከኋላ ወንበር ሌላ አሜን ተከተለ። አንተ በተናገርክበት ቀን ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል አሜናቸው ደረሰ።

ቪዲዮው የሚያምር አይደለም። የእማዬ አውራ ጣት ግማሹን ሸፍኖታል፤ እኔ ከአፍንጫዬ በላይ ብቻ ነው የምታየው። ድምፄ ግን ይሰማል። የድሮው በሄደበት መንገድ ይኼኛውንም ለቀቅኩት። የድሮውን ያየው ሰው ብዙ ነው፤ ይኼን የሚያየው ጥቂት ነው። «ከእምነቷ ወደ ኋላ የተመለሰች» እያሉ የሚጽፉብኝ አሉ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ አሁን አነብበውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። የድሮው አሁንም እየዞረ ነው፣ አባዬ። እሱን ከዓለም መሰብሰብ አልቻልኩም፤ ይኼንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

ሰኞ ዕለት ፎቶህን ከመሳቢያ አወጣሁት። በመጨረሻው ዓመት ሱቁ በር ላይ የተነሣኸው፣ የሸሚዝህ ቁልፍ የተዛነፈበት ነው። ሳሳጥበው የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ፊትህ ላይ ያለውን እብጠት በኮምፒውተር ላጥፋልሽ ብሎኝ ነበር፤ ተወው አልኩት። መስታወቱን ራሴ ቆረጥኩ። እጄ ስቶ አንድ ጭረት ጣልኩበት፤ ግን አልቀየርኩትም። ጀርባው ላይ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አባቴ። ሠላሳ በአርባ። ከታች ግራ ጥግ ጭረት አለው። አልተፈወሰም። አምኖ ሞተ።»

በሩን ትይዩ አድርጌ ሰቀልኩህ። ደንበኛ ማን እንደሆንክ ሲጠይቀኝ «አባቴ ነው፤ ሞቷል» እላለሁ። ከአፌ ለመውጣት ሁለት ዓመት የፈጀችው ይኼን የምታክል ቃል ነበረች።

አልረሳህም፣ አባዬ። ሳስታውስህም ያልሆንከውን አልጨምርልህም፤ የሆንከው ይበቃኛል። ቁጡ ነበርክ። ስብከት ሲረዝም ታንቀላፋና «እያሰላሰልኩ ነው» ትል ነበር። ልጅህን በሰው ፊት አሳፍረህ ዘጠኝ ቀን ኩርፊያዋን ታግሠሃል። አንድ ቀን ልጅ ከወለድኩ እንዲሁ አድርጌ እነግረዋለሁ።

ትናንት አንድ ትልቅ መስታወት ለማድረስ ከባለቤቱ ጋር በብርድ ልብስ ጠቅልለን ተሸከምን፤ እሱ ፊት እኔ ኋላ ሆንን። መንገዱ ላይ እጄ ሲዝል ያን የሲዳምኛ መዝሙርህን ጀመርኩት። ለካ እኔም ዜማ አልችልም። መንገደኛው ዞር እያለ ሳቀብኝ። ድምፄን ጨመርኩ።

ልጅህ